በር የሌለው ሱቅ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁም እንድትሰሙ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ንጉሥም ስለ ጦር ሜዳም አይደለም፤ ስለ አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ቤቷ ፉሪ ነው። ሱቅ የላትም፣ ለሱቅ የሚሆን በረንዳም የላትም፤ ግን ነጋዴ ናት። ኋላ «የማን ልጅ ናት?» እያላችሁ እንዳትፈልጓት አንድ ነገር አስቀድሜ ላስይዛችሁ። ይህቺ ልጅ አንዲት ሰው አይደለችም። ፉሪና ለቡ፣ ጀሞና ሐና ማርያም በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ልጆች የሚያወሩትን ለቃቅሜ ለአንዲቷ ያሸከምኩት ነው። የእሷ የብር ሒሳብ የተረት ነው። አዋጁ፣ ክልከላው፣ የዶላሩ ነገር፣ ቀኑና ዓመቱ ግን የሆነ ነው፤ እሱን በእኔ ይሁንባችሁ።

ፉሪ ማለት በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በስሙ ከሚጠራው ተራራ ሥር ያለ ሰፈር ነው። ተራራው ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ አለው፤ ክረምት ላይ እሱ ጉም ለብሶ ሲተኛ ከሥሩ ያለው ጭቃ ጫማ ያስጥላል። በስሙ ዛሬ ሁለት አስተዳደር ይጠቀማል። በወዲህ በኩል ንፋስ ስልክ ላፍቶ አለ፤ በወዲያ በኩል በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው ሸገር ከተማ የራሱን ፉሪ ክፍለ ከተማ ይዟል። ይህ ለፖለቲከኛው ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆናል፤ ለነጋዴው ትርጉሙ የሞተረኛ ዋጋ ነው። «ያለሁት ፉሪ ነው» ሲሉት ሞተረኛው ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ «እሱማ ከከተማ ውጪ ነው የሚታሰበው» ይላል። ወዲህኛው ፉሪ ነው ብሎ ማስረዳት ትርፍ ድካም ነው።

የሚገርመው ሐዲዱ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የተመረቀው እዚሁ ፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት ነው፤ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ይነካል። በሐዲድ ከታሰበ እንግዲህ ፉሪ የባሕር ጎረቤት ናት። ኮንቴይነሩ ግን ፉሪ ላይ አይወርድም። እንዶዴና ሞጆ ይራገፋል፤ ከዚያ በከባድ መኪና መርካቶ ይገባል፤ ከመርካቶ ተቸርችሮ በሚኒባስ ታክሲ፣ በሰው ጭን ላይ ሆኖ ፉሪ ይደርሳል። የልጅቷ እንጀራ ያለው በዚያች የመጨረሻ መንገድ ላይ ነው።

ሥራው አዲስ እንዳይመስላችሁ። የድሮው የፈረንሳይ ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ መስመር ከጅቡቲ ጨርቅና ሽቶ ጠቅልለው እያመጡ፣ ኬላ ሳይደርሱ ጥቅላቸውን በመስኮት እየወረወሩ ልጅ ያሳደጉ እናቶች ነበሩ። አዲስ አበባም ሱቅ በደረቴውን ታውቃለች፤ ማስቲካና ምላጭ፣ ክብሪትና መርፌ በሳጥን አንጠልጥሎ ከቡና ቤት ቡና ቤት የሚዞረውን። ዛሬ ሳጥኑ ስልክ ሆነ፤ ደረቱ ያው ነው።

እሺ፣ ወደ ልጅቷ። መስከረም 2015 ላይ ነው የጀመረችው። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ትሠራለች። ደመወዟ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ የቤት ኪራይ አለ፣ ታክሲ አለ፣ አገር ቤት ለእናቷ የሚላክ አለ። ከግቢው ተከራዮች አንዷ ዱባይ ትመላለሳለች። ሽቶ፣ ሂውማን ሄር፣ ቅባትና የሴት ቦርሳ በሻንጣ ይዛ ትመጣለች። አንድ ማታ ቡና ላይ ይህቺ ጎረቤት ምርር ብላ ተናገረች።

«እኔ አምጥቼ ልሙት ወይስ ሸጬ ልሙት? አንቺ እንደሆንሽ ሌሊቱን ሙሉ ስልክሽ ላይ ነሽ። ፎቶ አንሺና ለጥፊው እንጂ! የኔን ዋጋ ትሰጪኛለሽ፤ በላዩ የጨመርሽው ያንቺ።»

አያችሁ? መነሻ ካፒታል የለ፣ የሱቅ ቁልፍ የለ፣ ያለው ይህቺው የጎረቤት ቃል ብቻ ናት። በዚህ አገር በስልክ የሚነግዱ ስንቶቹ እንዲህ እንደጀመሩ ብትሰሙ፤ የሰው ዕቃ ፎቶ አንስተው፣ ሸጠው ነው የከፈሉት።

የት ይለጠፍ? ገበያው ብዙ ስም ነበረው። የድሬዳዋውን ገበያ ስም የያዘው ቀፊራ የተባለ ድረ ገጽ በጊዜው ስንቱን ሶፋና መኪና አገበያይቷል። ጂጂ አለ። ኅዳር 2012 ላይ የአሊባባው ጃክ ማ አዲስ አበባ ሲመጣ ኩባንያውና መንግሥት የኤሌክትሮኒክ ንግድ ማዕከል ለማቋቋም ተፈራርመው፣ ወሬው ለሰሚው ደስ ይል ነበር። ሕዝቡ ግን ሰፈሩን ቴሌግራም ላይ ሠራ። እኔ ምክንያቱ አይከብደኝም። የኛ ሰው «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሳይል ዕቃ አይገዛም። ለዚያ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው እንጂ «ቅርጫት ውስጥ ጨምር» የሚል ቁልፍ አይበቃውም። ሳያይ አይከፍልም፤ አይቶም ትንሽ ያስቀንሳል። ግንቦት 2013 ላይ ቴሌብር ሲመጣ ደግሞ ክፍያውም እዚያው ስልክ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ምን ቀረ?

ቻናል ከፈተች። «ያሉበት እናደርሳለን» ብላ ጻፈች፤ «እናደርሳለን» ያለችው እሷና ታናሽ ወንድሟ ናቸው። የተከተሏት ሰዎች ዘመዶቿና የሥራ ባልደረቦቿ ነበሩ፤ እነሱም ያዩ እንደሆነ እንጂ አይገዙም። ጧት 2 ሰዓት ላይ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ለፎቶ እንደሚሆን ያወቀችው ቶሎ ነው። ነጠላዋን ግድግዳው ላይ ትወጥራለች፣ በርጩማ ላይ ሌላ ነጭ ጨርቅ ታነጥፋለች፣ የሽቶውን ጠርሙስ ታቆማለች፤ ወንድሟ ካርቶን ይዞ ጥላውን ይከላከላል። እሑድ እሑድ እንዲህ እያለች የሳምንቱን ፎቶ ታከማቻለች። ከሥሩ የምትጽፈው የሁሉም ነጋዴ ጽሑፍ ነው፤ አዲስ ገቢ፣ ኦርጅናል፣ ውስን ፍሬ ነው የቀረው። ዋጋ ግን አትጽፍም ነበር። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ትላለች። ይህን ነገር እኔ አልወደውም፤ ዋጋውን የደበቀ ነጋዴ ፊት አይቶ ይጠራል ብሎ ሰው ይጠረጥራል፣ ይጠርጥርም። እሷም ኋላ ተወችው።

ወር አልሞላትም፣ ዕድል መጣላት። ጥቅምት 4 ቀን 2015 የገንዘብ ሚኒስቴር 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ኤልሲ፣ ማለትም ለውጭ ሻጭ የሚሰጥ የክፍያ ዋስትና፣ እንዳይከፈትላቸው አገደ። የውጭ ምንዛሪ የለም ነው ነገሩ። ከታገዱት ውስጥ የግል መኪናው አለ፣ አልኮሉ አለ፣ ሽቶው፣ ኮስሞቲክሱ፣ ፀጉሩ አለ። በሻንጣ የሚመጣው ዕቃ ግን ኤልሲ የሚባል ነገር አያውቅም። በመደበኛው መንገድ የሚያስመጣው ነጋዴ ሲቆም የጎረቤቷ ሻንጣ ወርቅ ሆነ። ልጅቷ ትናንት ለምና የምትሸጠው ፀጉር ዛሬ «ያዢልኝ» ይባልበት ጀመር። በሁለት ወር ውስጥ ያገኘችው ከደመወዟ በለጠ። «ለካ ነጋዴ ነኝ!» አለች። የነገደው እገዳው ነበር፤ ግን ይህን ለማን ትነግሩታላችሁ? ገንዘብ እጁ የገባ ሰው ጆሮ የለውም።

ከዚያ የካቲት መጣ። የካቲት 2 ቀን 2015፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሣው ውዝግብ ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። ሁለት ሳምንት ይሆናል ሲባል አምስት ወር አለፈ፤ የተከፈተው ሐምሌ 10 ነው። እስቲ አስቡት፤ የመርካቶ ነጋዴ ሱቁ ቢታሸግ በሩ ላይ ቆሞ ደንበኛውን «በጓሮ ና» ይለዋል። የልጅቷ ሱቅ ግን በር የለው፣ በየት ትቁም? ቪፒኤን ከፍታ ትለጥፋለች፤ ቪፒኤን የሌለው ደንበኛ አያያትም፤ ያለው ደግሞ ፎቶው አልከፈትለት እያለ ዳታው ያልቃል። ጎረቤቷ «ገንዘቤስ?» ማለት ጀመረች።

ያዳናት ደብተር ነው። ሒሳብ ሠራተኛ አይደለች? የሸጠችላቸውን ሰዎች ስልክ፣ የገዙትን ዕቃ፣ የወደዱትን ሽቶ፣ የሰፈራቸውን ስም በባለ መስመር ደብተር ስትጽፍ ወንድሟ ይስቅባት ነበር። አሁን ደብተሩን ገልጣ ትደውላለች። «እናቴ፣ ያቺ ባለፈው የወሰድሻት ሽቶ አላለቀችም?» ሰዎቹም ይደነቃሉ፤ ማን ደውሎ ያውቃል እንዲህ? ብዙ አልሸጠችም፤ ዕዳዋን ግን ከፈለች። ቴሌግራም ሲከፈት ከቻናሏ ተከታዮች ውስጥ የሚገዙት እነዚያው በደብተሩ ያሉት እንደሆኑ ያን ጊዜ አወቀች።

አሁን ደግሞ የምትስቁበትን ልንገራችሁ። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ አንድ የጁስ መፍጫ ሰጣት፤ አዲስ፣ ከነካርቶኑ። እሷም ፎቶ አንስታ ለጠፈች፣ በሰዓት ውስጥ ተሸጠ። ማታ ገዢዋ ደወለች። «እህቴ፣ ጭስ አወጣ!» የአሜሪካው ዕቃ 120 ቮልት ነው፤ የኛ መብራት 220። ማንጎው ውስጡ እንዳለ ሞተሩ ተቃጠለ። ገንዘቡን መለሰች፣ ለማንጎውም ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃ ስትገዛ መጀመሪያ ገልብጣ ጀርባውን ነው የምታነበው። ይህ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። ግን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አገሩን ይዞ ነው የሚመጣው። የዱባዩ ዕቃ የእንግሊዞቹን ባለ ሦስት እግር ሶኬት ይዞ ይመጣል፤ የኛ ግድግዳ ደግሞ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ስንት ደንበኛ «ብልሽት ነው» ብሎ የመለሰው ዕቃ ሶኬቱ ስላልገባ ብቻ ነበር! እሷ አዳፕተር በጅምላ ገዝታ በየካርቶኑ አንድ አንድ መጨመር ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቿ ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለዚያች አዳፕተር ሲያወሩ ብትሰሙ። «እሷ ጋ ከገዛሽ ሶኬት አትፈልጊም» ይላሉ።

በዚህ ነው ከሽቶ ወደ ወጥ ቤት ዕቃ የተሻገረችው። ሽቶ ፋሽን ነው፤ ኦርጅናሉ ከቅጂው አይለይም፣ ጭቅጭቁ አያልቅም። የጁስ መፍጫ፣ የውሃ ማፍያ፣ ኤር ፍራየር ግን ሰክታችሁ ታዩታላችሁ፤ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። ይህን ዕቃ ለማግኘት ግን የጎረቤት ሻንጣ አይበቃም። ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ መውረድ ጀመረች፣ አንድ ሐጂ ጋ። ሐጂ በመርካቶ የኖሩ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ካርቶን የደረደሩ አከፋፋይ ናቸው። መጀመሪያ አላመኗትም።

«ሱቅሽ የት ነው ልጄ?»

«ስልኬ ውስጥ ነው ሐጂ።»

«እንግዲያው ገንዘቡንም ስልክሽ ውስጥ እንዳታስቀሪው» አሉና ስድስት ፍሬ በጥሬ ገንዘብ ሸጡላት። ቀስ በቀስ ካርቶን ሆነ።

ማድረሱ ነው ያስቸገረው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ፈቃድ ያለው ሞተረኛ ዋጋውን ያውቃል። ከፉሪ ቦሌ አንድ ዕቃ ለማድረስ የሚጠይቀው ከትርፏ ግማሹን ይበላል። ስለዚህ ዕቃውን ራሷ ትሸከማለች። ጧት ታክሲ ውስጥ ሁለት ካርቶን ጭኗ ላይ አድርጋ ሜክሲኮ ትወርዳለች፤ የምትሠራበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ጎጆ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደንበኞቿ እየመጡ ይወስዳሉ። ለጋሽ ዘበኛ የሻይ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም በተራቸው «ይቺ እኮ ታማኝ ናት» እያሉ ለገዢው ይመሰክሩላታል። መጋዘን ጠባቂም፣ ማስታወቂያ ሠራተኛም ሆኑ ማለት ነው።

አንዴ ብቻ ተታለለች። አንዱ የባንክ ማስተላለፊያ ስክሪንሾት ልኮላት፣ ወንድሟ ኤር ፍራየሩን አስረከበ፤ ገንዘቡ ግን የለም፤ ሥዕሉ የተሠራ ነበር። አሁን ወንድሟ ስክሪንሾት አያይም። ቴሌብር ከሆነ በእሷ ስልክ ከ127 መልእክት እስኪገባ፣ በንግድ ባንክ ከሆነ ኤፍቲ ቁጥሩ እስኪረጋገጥ ዕቃው ከእጁ አይወጣም። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ።

እንግዲህ አሁን ወደ ሐምሌ 2016 ልወስዳችሁ ነው፤ የትረካዬ ሆድ እዚህ ላይ ነው፣ አታንቀላፉ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ሰኞ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። በባንክ 57 ብር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 74 ገባ፤ ነሐሴ ላይ መቶን አለፈ። በዚያው ለውጥ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳም ተነሣ። ጥቁር ገበያው እንደሆነ ቀድሞውኑ ከመቶ በላይ ነበር፤ ስለዚህ በሻንጣና ከባንክ ዶላር ሳይጠየቅ በፍራንኮ ቫሉታ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ ድሮም በ57 አልተሰላም። በወረቀት ካሰባችሁት ዋጋ ያን ያህል መዝለል አልነበረበትም። ገበያ ግን በወረቀት አያስብም። ሰው ሁሉ «ነገ ይጨምራል» አለ፤ ሁሉም ካለ ደግሞ ይጨምራል።

ልጅቷ ቤት ውስጥ፣ አልጋዋ ሥር፣ 22 የጁስ መፍጫ ነበራት። ከሐጂ በ3,100 የገዛችው፣ በ3,700 የምትሸጠው። ሰኞ ከሰዓት ስልኳ መጮህ ጀመረ። «አለ?» «ዋጋው ያው ነው?» «ሁለት ያዢልኝ፣ አሁን እልካለሁ።» በወር የምትሸጠውን በሦስት ቀን ጨረሰች። ዋጋ ጨምሪ ያላት ሰው ነበር፤ ወንድሟ። «እኔ ሰው በጭንቁ አልዘርፍም» አለችው። አልጋው ሥር ባዶ ሆነ፣ ስልኳ ውስጥ 81,400 ብር ገባ። ከዚያ ውስጥ 13,200ው ትርፍ ነው። ሐሙስ ማታ ሥጋ ገዝታ ገባች።

ቅዳሜ መርካቶ ወረደች። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ነው፣ ካርቶኖቹም ከኋላቸው እንደተደረደሩ ናቸው።

«ሐጂ፣ ሃያ ሁለት ፍሬ።»

«ዕቃ የለም ልጄ።»

«ያ ምንድነው ታዲያ?»

«እሱ የሚሸጥ አይደለም።»

እንደሷ ብዙ ሰው ነበር በዚያ ሳምንት ባዶ እጁን የተመለሰ። ከተማው ውስጥ ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ፣ ዕቃ ደበቁ የተባሉ ሱቆች መታሸግ ጀመሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሐጂ ሸጡላት፤ አንዱን በ4,600። ያላትን ሁሉ፣ ዋናውንም ትርፉንም ደምራ ገዛች። ስንት ሆነ? 17 ፍሬ። ለታክሲና ለተሸካሚ 3,200 ብር ተረፋት።

ማታ አልጋው ሥር ደርድራ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። ሃያ ሁለት ነበረ፣ አሥራ ሰባት ሆነ። ማንም አልሰረቃትም፣ ማንም አላታለላትም፣ በትርፍ ነው የሸጠችው። አምስቱ የት ሄዱ? ደብተሯን ገለጠች፤ ትርፍ 13,200 ይላል። ከደብተሩ አጠገብ ያለው አልጋ ደግሞ አምስት ፍሬ ከስረሻል ይላል። ሒሳብ የተማረች ሰው ናት፤ በክፍል ውስጥ «የመተኪያ ዋጋ» የሚባል ነገር ተምራለች፣ ፈተናም ወድቃበት አታውቅም። ግን መጽሐፍ ላይ ያለው ነገር አልጋ ሥር ሲመጣ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ብዙ ሰው ስለ ሐጂና መሰሎቻቸው ሲያወራ «ደባቂ፣ ስግብግብ» ይላል። ልክ ነው የሚባልበት አለ፤ ሕግም የተናገረው አለ። ነገር ግን ሐጂ ዕቃ የለም ያሉት መልሰው በስንት እንደሚያስመጡት ስላላወቁ ነው። ልጅቷ በ3,700 የሸጠችው ሰው ስለምትወድ ነው። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ነው የገጠማቸው፤ አንዱ ካርቶን በመያዝ፣ አንዷ በመልቀቅ መለሱት። ገዢው አንደኛዋን ይመርቃል፣ ሌላውን ይረግማል። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ግን መደርደሪያው ሙሉ ሆኖ የተገኘው የማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ይህን ስል ሐጂን ማጽደቄ አይደለም፤ ወደዚያ የገፋቸው ምን እንደሆነ ግን ሳላወራ ባልፍ ትረካዬ ጎዶሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ አሠራሯ ተለወጠ። በብር ማስቀመጥ አቆመች። የተሸጠው ገንዘብ እሷ ጋ ሁለት ሌሊት አያድርም፤ ወይ ካርቶን ይሆናል ወይ አዳፕተር ይሆናል። ዋጋዋንም «እስከ እሑድ ብቻ» ብላ ነው የምትለጥፈው። ቅር ያለው ደንበኛ አለ። «ባለፈው ሳምንት እኮ እንዲህ አልነበረም» ይላታል። «ባለፈው ሳምንት እኔም እንዲህ አልገዛሁም» ትለዋለች። ዕቃ ብቻ ሳይሆን መለዋወጫም ያዘች፤ የመፍጫውን ጎማ፣ ክዳኑን፣ ምላጩን። አከፋፋይ ካርቶን ፈትቶ ጎማ አይሸጥም፤ ደንበኛው ደግሞ በአንዲት ጎማ ምክንያት የብዙ ሺህ ብር ዕቃ ይጥላል። ትርፉ ትንሽ ነው። ግን ለጎማ የመጣ ሰው ቻናሉን ሳያይ አይወጣም።

2017 ላይ መርካቶ ሌላ መከራ አየ። ጥቅምት 11 ማታ ሸማ ተራ ተቃጠለ፤ ስንት ሱቅና ንብረት አመድ ሆነ። ኅዳር ላይ ደግሞ የደረሰኝ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ዋለ። ልጅቷ ይህን ከሩቅ የምታይ መስሏት ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት አሥር የውሃ ማፍያ ሊገዛ ደወለላት፤ ደስ አላት። «ደረሰኝ አለሽ አይደል?» አላት ግዢ ክፍሉ። የላትም። ንግድ ፈቃድ ልታወጣ ሄደች፤ የሥራ አድራሻ አምጪ፣ የኪራይ ውል አምጪ ተባለች። አከራይዋን ለመነች። «ጋሼ፣ ውል ይስጡኝ።» «ግብር ልታመጪብኝ ነው?» አሉ እሳቸው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ከወጣበት ከ2012 ጀምሮ ስልክ ላይ የተደረገ ውል በሕግ ውል ነው። የፉሪ አከራይ ግን አዋጁን አላነበቡም፤ ቢያነቡም ግቢያቸውን በውል ውስጥ አያስጽፉም። አሥሩን ማፍያ ሌላ ሰው ሸጠ።

አሁን መጨረሻው ላይ ነን። በ2018 ዓ.ም. ነው። ልጅቷ አንድ ማታ ቲክቶክ ስትከፍት ማንን አየች? ሐጂን! ካርቶን ክምራቸው ፊት ቆመው፣ ልጃቸው ስልኩን ይዞላቸው፣ «በአከፋፋይ ዋጋ፣ ያሉበት እናደርሳለን» ይላሉ። ያው የሷ መፍጫ፣ ከሷ ዋጋ በታች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። አከፋፋዩ ራሱ ቸርቻሪ ከሆነ በመሀል የቆመው ሰው ምን ይሁን? ይህ የሷ ብቻ አይደለም፤ መርካቶ ውስጥ ካሜራ የማያውቅ ነጋዴ እየጠፋ ነው።

ደንበኞቿ ቪዲዮውን ላኩላት። «ሐጂ ጋ እኮ ይረክሳል።» እሷም አልተከራከረችም። «ይረክሳል፣ ከዚያ ግዙ» አለች። ሦስት ሳምንት ያህል ሽያጯ ወረደ። ከዚያ ስልኳ ሌላ ዓይነት ጥሪ ያመጣ ጀመር። «ሶኬቱ አልገባ አለኝ።» «ከሐጂ ነው የገዛሁት፣ ስልክ አያነሱም።» «ጎማው ከየት ይገኛል?» ለጎማውም ለአዳፕተሩም ዋጋ ነገረቻቸው።

ቅዳሜ መርካቶ ስትወርድ ሐጂ ሻይ አስመጡላት፤ እንዲህ አድርገው አያውቁም።

«ልጄ፣ ሰዉ እኔን ይሰድበኛል፣ አንቺን ይመርቅሻል። ዕቃው እኮ አንድ ነው።»

«ዕቃው አንድ ነው ሐጂ። ስልክ ማንሳቱ ነው።»

«እኔ ጊዜ የለኝም፣ ልጄም ፎቶ እንጂ ጭቅጭቅ አይወድም። አንቺ ያዢልኝ። ቻናሉንም ቲክቶኩንም፣ ደንበኛውንም። ደመወዝ እቆርጥልሻለሁ፤ ትምህርት ቤት ከሚከፍሉሽ እጥፍ።»

ሻይዋን ጠጣች። ደረሰኝ ያለው ሱቅ፣ ፈቃድ ያለው ሰው፣ ሙሉ መደርደሪያ፤ ሁሉም እዚያ ነው። እሷ ያላት ደብተርና የሰው ስም ነው።

«እሺ» አለች። «ግን በብር አይደለም። በወር ይህን ያህል ካርቶን ይሰጡኛል፤ የሰጡኝን እኔ በራሴ ዋጋ እሸጣለሁ።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ሳቁ። «ብር ምን አደረገሽ?»

«ካቻምና ሐምሌ አምስት ፍሬ በላብኝ።»

በወር ስንት ካርቶን እንደሚሆን፣ መለዋወጫው በማን ወጪ እንደሚመጣ፣ የተመለሰ ዕቃ ኪሳራውን ማን እንደሚይዝ፤ በዚህ በዚህ እስካሁን አልተስማሙም። ሐጂ ስድስት ይላሉ፣ እሷ አሥር ትላለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ትወርዳለች።